ሻጋታ አፍ ሳይኖረው እንዴት ይበላል? በአንድ ቁራሽ ዳቦ፣ ደረጃ በደረጃ

«ዳቦው ተበላሸ» እንላለን። «ተበላ» ብንል ለእውነቱ ይቀርብ ነበር። እኛ መደርደሪያ ላይ ረስተነው ስናድር ሌላ ተመጋቢ ቀርቦበታል። ይህ ተመጋቢ አፍ የለውም፤ ጥርስም ሆድም የለውም። ግን ሳምንት ሳይሞላ ቁራሹን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሰዋል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ እኛ ከዋጥን በኋላ እንፈጫለን፣ ሻጋታ ከፈጨ በኋላ ይውጣል። ሆዱ ከሰውነቱ ውጪ ነው ማለት ይቻላል። ሻጋታ ከፈንገስ ወገን ነውና፣ ይህቺን ነገር ከያዛችሁ፣ ስለ ፈንገስ አመጋገብ የሚነገረው ሌላው ሁሉ ከእሷ ይመዘዛል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ «ፈንገሶች ሳፕሮፋይት (የሞተ ነገር ተመጋቢ) ናቸው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሸምድጄ ፈተና አልፌያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዳቦ በላስቲክ አሽጌ ስከታተል ነው። ስለዚህ ይህም መመሪያ በዚያው መንገድ ይሄዳል። አንድ ሳምንት የሚፈጅ የዳቦ ክትትል አለ። አንድ ሰዓት አካባቢ የሚወስድ የምራቅ ሙከራም አለ። በመካከል ደግሞ በዓይን የማይታየውን ክፍል እናወራለን።

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ

ላስቲኩ አንዴ ከታሸገ አይከፈትም። ለማየትም፣ ለመንካትም፣ በተለይ ለማሽተት አይከፈትም። ከሻገተ ዳቦ የሚበነው ዱቄት በሚሊዮን የሚቆጠር ስፖር፣ ማለትም ሻጋታው የሚራባበት ዘር መሰል ቅንጣት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ላስቲክ «እስቲ ጠጋ ብዬ ልየው» ብዬ ከፍቼ ግማሽ ቀን ሳስነጥስ ውያለሁ። አስም ወይም አለርጂ ያለበት፣ ወይም በሕመምና በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ከቤት ካለ የዳቦውን ክፍል ተዉትና የምራቁን ሙከራ ብቻ ሥሩ። ዋናው ነገር እሱ ላይም ይገኛል።

የሚያስፈልገው

አራት ቁራሽ ዳቦ፣ አራት የሚታዩበት (ግልጽ) ላስቲኮች፣ ፕላስተር፣ እስክሪብቶ፣ አጉሊ መነጽር። ለምራቁ ሙከራ የበቆሎ ስታርች፣ ነጭ ሳህን፣ ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አዮዲን፣ ጫፋቸው ላይ ጥጥ የተጠቀለለባቸው ቀጫጭን የጆሮ ማጽጃዎች።

ስለ ዳቦው አንድ ነገር ልጨምር። ታሽጎ የሚሸጥ ዳቦ ብዙ ጊዜ ሻጋታን የሚያዘገይ ነገር ይገባበታል። ካልሲየም ፕሮፒዮኔት አንዱ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ኢ282 ተብሎም ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ዳቦ ከመረጣችሁ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ቤት የተጋገረ ወይም በዕለቱ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ገበታውን ማዘጋጀት

አራቱንም ቁራሾች ለአንድ ሰዓት ያህል ሳትሸፍኑ አስቀምጧቸው። ስፖር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ አየር ላይ አለ፣ አቧራ ላይ አለ፣ ራሱ ይመጣል።

ከዚያ ሦስቱን ቁራሾች ትንሽ ውሃ እርጩባቸው። ዳቦው መራስ አለበት እንጂ መጨቅየት የለበትም፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ አትለፉ። አራተኛውን ግን ቶስት አድርጋችሁ ኩርሽም እስኪል አድርቁት። ሁሉንም ለየብቻ ላስቲክ ውስጥ ክተቱ፣ ትንሽ አየር ተዉላቸው፣ አፉን በፕላስተር አሽጉ። ሻጋታም ይተነፍሳልና አየሩን ጨርሳችሁ አትጭመቁት።

አሁን ጻፉባቸው። «ሀ» እርጥብ ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ጨለማ ላይ ይቀመጥ። «ለ» እርጥብ ሆኖ ብርሃን ባለበት ቦታ ይሁን፤ ነገር ግን ቀጥታ ፀሐይ አይምታው፣ ፀሐዩ ያሞቀውና ሙከራውን ያበላሽብናል። «ሐ» እርጥብ ሆኖ ፍሪጅ ይግባ። «መ» ደረቁ ነው፤ ከ«ሀ» ጎን አስቀምጡት።

ለምን አራት? አንድ ቁራሽ ብቻ ብታስቀምጡ የምታገኙት «ሻገተ» የሚል መልስ ነው። አራት ሲሆን ለምን እንደሻገተ መጠየቅ ይቻላል።

ደረጃ 2፦ መጠበቅ፣ ግን ዝም ብሎ አይደለም

በመጀመሪያው ቀን፣ ብዙ ጊዜም በሁለተኛው፣ ምንም አይታይም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይጥለዋል። አትጣሉት። በዚህ ጊዜ ዳቦው ላይ ያረፈው ስፖር ውሃ እየመጠጠ እያበጠ ነው። ቀጥሎ ቅርፊቱን ጥሶ አንዲት ቀጭን ቱቦ ያወጣል። ያቺ ቱቦ ሃይፋ ትባላለች። ሻጋታ ማለት በመሠረቱ የሃይፋ ክምር ነው፤ ክምሩ ማይሲሊየም ይባላል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን «ሀ»ን ስታዩ ነጭ፣ የሳሳ፣ ባዘቶ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። ከዚህ በኋላ ፍጥነቱ ይገርማል። ጠዋት ያያችሁት ማታ ሌላ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከባዘቶው መሐል የስፒል ራስ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። ይህ ከሆነ ያስተናገዳችሁት እንግዳ ጥቁሩ የዳቦ ሻጋታ፣ ራይዞፐስ ስቶሎኒፈር ሊሆን ይችላል።

አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ከመጣ ደግሞ ፔኒሲሊየም ወይም አስፐርጂለስ ሳይሆን አይቀርም። ሙከራው አልከሸፈም። የሚበሉበት መንገድ ያው ነው።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ አንሱ። ማስታወሻ መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው ስልኩ ይበቃዋል።

ደረጃ 3፦ አካሉን ማንበብ

አጉሊ መነጽሩን ከላስቲኩ ውጪ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ላስቲኩ ላይ ጤዛ ካለ በጣታችሁ ከውጪ መታ መታ አድርጉት፣ ይወርዳል። ብርሃኑን ከጎን ብታበሩበት ክሮቹ ጎልተው ይታያሉ።

ራይዞፐስ ከሆነ ሦስት ዓይነት ክር መለየት ትችላላችሁ። አንደኛው በዳቦው ገጽ ላይ አግድም የሚሮጠው ነው፤ ስቶሎን ይባላል። ይህ መንገድ ከፋች ነው፣ አዲስ ቦታ ይይዛል። ያረፈበት ቦታ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ዳቦው ውስጥ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው አጫጭር ክሮች ይሰድዳል። እነዚህ ሪዞይድ ናቸው። ከዚያው ቦታ ወደ ላይ ደግሞ ቀጥ ያሉ ክሮች ይቆማሉ፤ ጫፋቸው ላይ ያለችው ጥቁር ኳስ ስፖራንጂየም ናት። በውስጧ ስፖር ታጭቋል።

ሪዞይድ ሥር ይመስላል፤ ሥር ግን አይደለም። የተክል ሥር ውሃና ማዕድን ይስባል፤ ስኳሩን ተክሉ ራሱ ቅጠሉ ላይ ይሠራል። ሻጋታ ክሎሮፊል (የተክል አረንጓዴ ቀለም) ስለሌለው በብርሃን ስኳር መሥራት አይችልም፤ ካለበት ማምጣት አለበት። ሪዞይዱ ዳቦውን ጨብጦ ይይዛል፣ የሚያሟሟ ጭማቂ ያፈስበታል፣ የሟሟውንም ይመጥጣል። ሌሎቹ ዳቦው ውስጥ የተቀበሩ ሃይፋዎችም ይህንኑ ይሠራሉ። «ሻጋታ የሚበላው በሪዞይዱ ብቻ ነው» የሚል መልስ ጎደሎ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጥንት ሊቃውንት ፈንገስን ከተክል ጋር ሲመድቡ የኖሩትም ይህ ሥር መሳይ ነገር፣ ከቦታ ቦታም አለመንቀሳቀሱ አታሏቸው ነው። ሳፕሮፋይት በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ፋይት» እንኳ በግሪክ ተክል ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎች «ሳፕሮትሮፍ» የሚለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ «ትሮፍ» መመገብን ነው የሚያመለክተው። በ1969 ሮበርት ዊታከር የተባለው አሜሪካዊ ሕያዋንን በአምስት ግዛት ሲከፍል ለፈንገሶች የራሳቸውን ግዛት ሰጣቸው። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ አመጋገባቸው ነበር፦ ተክል ምግቡን ይሠራል፣ እንስሳ ይውጣል፣ ፈንገስ ይመጥጣል።

ደረጃ 4፦ ከጫፉ ላይ የሚሆነው

ይህን ክፍል በአጉሊ መነጽር አታዩትም። የነገሩ እምብርት ግን እዚህ ነው። አንዲት የሃይፋ ጫፍ ብቻ አስቡ። ውፍረቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮሜትር ይጠጋል፤ ብዙ ሃይፋዎችን ጎን ለጎን ደርድራችሁ ነው አንድ ፀጉር የምታክሉት።

ጫፏ የስታርች ፍርፋሪ አጠገብ ደረሰች እንበል። ስታርች ማለት ከመቶ እስከ ብዙ ሺህ የሚደርሱ የግሉኮስ ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰኩበት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በጣም ትልቅ ስለሆነ በሃይፋዋ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) በኩል አያልፍም። እንደ አሜባ ተጠምጥማ እንዳትውጠው ደግሞ ካይቲን ያለበት ጠንካራ ግድግዳ ለብሳለች። ያው ካይቲን የነፍሳትንም ቅርፊት ያጠነክራል። ስለዚህ ያላት አማራጭ አንድ ነው፤ ምግቡን እዚያው ባለበት መሰባበር።

በጫፏ ውስጥ በኤንዛይም (ምግብ ሰባባሪ ፕሮቲን) የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይከማቻሉ። ከረጢቶቹ ከሜምብሬኑ ጋር ሲዋሃዱ ኤንዛይሙ ወደ ውጪ ይፈስሳል። አሚሌዝ ስታርቹን ይቆራርጣል። ፕሮቲዬዝ የዳቦውን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይበትናል። ላይፔዝ ካለው ትንሽ ቅባት ጋር ይሠራል። መቀስ የያዙ ሠራተኞች ልካ እሷ በር ላይ የምትጠብቅ ናት። እውነት ለመናገር ግን ሠራተኞቹ አይመለሱም። የሚመለሰው የቆረጡት ብቻ ነው።

ሰንሰለቱ ተቆራርጦ ግሉኮስ ሲሆን በዳቦው እርጥበት ውስጥ ይሟሟል። አሁን ትንሽ ነው፣ ማለፍ ይችላል። ግን በነፃ አይገባም። ሜምብሬኑ ላይ ኃይል እየከፈሉ ፕሮቶን (የሃይድሮጂን ቅንጣት) ወደ ውጪ የሚገፉ ፓምፖች አሉ። ውጪ የተጠራቀመው ፕሮቶን ተመልሶ ለመግባት ይጋፋል። በሩን የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም አሚኖ አሲድ ይዞ ሲመጣ ነው። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ዕቃ ይዞ እንዲገባ ማስገደድ ማለት ነው።

ከገባ በኋላ ከፊሉ ኃይል ለማግኘት ይቃጠላል፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣዋል። ከሻጋታው ሥር ያለው ዳቦ እየራሰ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከፊሉ ግላይኮጅን ሆኖ ይቀመጣል። በነገራችን ላይ እኛም በጉበታችን የምናስቀምጠው ይህንኑ ግላይኮጅን ነው፤ ተክሎች ግን ስታርች ነው የሚያስቀምጡት። ፈንገስ በዝምድናም ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል። የቀረው አዲስ ግድግዳ ለመሥራት ይውላል። ካይቲን ናይትሮጂን ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከዳቦው ፕሮቲን ይመጣል። ራይዞፐስ ሃይፋው በክፍልፋይ ግድግዳ ስላልተዘጋ እንደ ረጅም ቧንቧ ነው። ታች የተመጠጠው ምግብ ላይ ስፖር እየተሠራ ወዳለበት ሳይደናቀፍ ይፈስሳል።

ጫፏስ? ዙሪያዋ ያለውን ስትጨርስ አትቆይም፤ ወደ ፊት ታድጋለች። እንስሳ ወደ ምግቡ ይሄዳል፤ ሻጋታ ወደ ምግቡ ያድጋል።

ለምን ክር ሆነ? አንዲት ስሌት

ይህችን እንዳነበባችሁ አትለፏት፣ ወረቀት አውጡ። ሁሉም ጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ የሊጥ ኩብ አስቡ። ስድስት ፊት አለው፤ አጠቃላይ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህ ሊጥ በገጹ ብቻ የሚመገብ ፍጡር ቢሆን መመገቢያው 6 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነበር።

አሁን ያንኑ ሊጥ 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ክር እስኪሆን ሳቡት። ርዝመቱ ወደ 12.7 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገጹ ደግሞ 4000 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ጎኑ 63 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ጨርቅ ማለት ነው። ሊጡ ሳይጨምር ገጹ ከ600 እጥፍ በላይ አደገ።

በገጹ ለሚመገብ ፍጡር ከዚህ የተሻለ ቅርጽ ማሰብ ይከብዳል። እኛም አንጀታችን ውስጥ ተመሳሳይ ዘዴ አለን፤ ውስጡ በጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሞላ ነው። ሻጋታ ግን አንጀቱን ገልብጦ ውጪ የለበሰው ይመስላል።

ደረጃ 5፦ የሻጋታን ሥራ በምራቅ መሥራት

ኤንዛይም ስታርችን ከሰውነት ውጪ ሲቆርጥ ማየት ትፈልጋላችሁ? ሻጋታውን መንካት አያስፈልግም። በምራቃችሁ ውስጥም አሚሌዝ አለ። ከሻጋታው ጋር አንድ ዓይነት ባይሆንም ሥራው ያው ነው።

ሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ከዚያ እሳት ላይ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ፣ ወፈር ብሎ ጠራ እስኪል አብስሉት። ነጭ ሳህን ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱት። ስስ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ምራቁ ወደ ታች ሳይደርስ ይቀራል። ቀዝቅዞ እስኪረጋ ጠብቁ።

ሦስት ነገር አዘጋጁ። አንደኛው ንጹህ ውሃ። ሁለተኛው ምራቅ፤ ከመትፋታችሁ በፊት አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። ሦስተኛው ደግሞ የፈላ ምራቅ፤ ትንሽ ምራቅ በትንሽ ዕቃ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል አቆዩትና አቀዝቅዙት። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን ሦስተኛው ባይኖር ሙከራው ግማሽ ነው።

በየራሱ የጆሮ ማጽጃ ሦስት ፊደል ጻፉ። በውሃው «ው»፣ በምራቁ «ም»፣ በፈላው «ፈ»። ጥጡን ስታርቹ ላይ ለስለስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሱት፤ አትጫኑ፣ ከጫራችሁት ውጤቱን አታምኑትም። ሳህኑን ሸፍናችሁ ሞቅ ባለ ቦታ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አስቀምጡ።

አዮዲኑን በውሃ አቅጥኑ፣ ቀለሙ የቀጠነ ሻይ እስኪመስል። ከዚያ በሳህኑ ሁሉ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱት። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ ስታርች ከሌለ የራሱን ቀለም እንደያዘ ይቀራል። ሳህኑ በአንድ ጊዜ ይጠቁራል። በጥቁሩ መሐል ፈዘዝ ያለ «ም» ይቀራል። «ው» እና «ፈ» ግን በጥቁሩ ተውጠው ይጠፋሉ።

እዚህ ሳህን ላይ የሆነው ሁሉ ከሰውነታችሁ ውጪ ነው የሆነው። ስታርቹን የቆረጠው ከእናንተ የወጣ ኤንዛይም ነው፤ እናንተ ግን ሻይ እየጠጣችሁ ነበር። የፈላው ምራቅ ያልሠራው ሙቀቱ የኤንዛይሙን ቅርጽ ስላጠፋው ነው፤ መቀሱ ቀለጠ።

ካልሠራላችሁ፦ «ም» ወደ ቀይ ወይም ሐምራዊ ከሄደ ሰንሰለቱ በግማሽ ነው የተቆረጠው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቆይታውን አርዝሙ። ምንም ካልታየ ስታርቹ ወፍሮ ወይም ክፍሉ በርዶ ይሆናል። ሦስቱም ፊደሎች ከታዩ ጥጡ ጭሮታል። ሙከራው ሲያልቅ ድፉት እንጂ አትብሉት፤ አዮዲን ልብስ እንደሚይዝም እወቁ።

ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ይህንኑ በእውነተኛ ሻጋታ ይሠሩታል። ስታርች በተቀላቀለበት፣ አጋር በሚባል የረጋ ጄሊ ላይ ሻጋታ ያሳድጉና አዮዲን ያፈስሱበታል። በሻጋታው ዙሪያ ያልጠቆረ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ የሻጋታውን ዳር አልፎ ሊወጣ ይችላል። ክሩ ገና ያልደረሰበት ቦታ ላይ ስታርቹ አልቆ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ቀለበት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 በፔኒሲሊየም ዙሪያ ካየው ቀለበት ጋር እንዳይምታታባችሁ። የፍሌሚንጉ ባክቴሪያ የሞተበት ቀለበት ነው፤ ይህ ስታርች የተበላበት ነው።

ይህን የሻጋታ ጭማቂ ለገበያ ያበቁትም አሉ። ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ በ1894 አስፐርጂለስ ኦራይዜ ከተባለ ሻጋታ ስታርች ቆራጭ ኤንዛይም የሚወጣበትን ዘዴ በአሜሪካ በፓተንት አስመዘገበ። ምርቱ ታካ ዲያስቴዝ ተባለ፤ ምግብ አልፈጭ ላላቸው ሰዎች ይሸጥ ነበር። ዛሬም በአንዳንድ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ያለው ቅባት አሟሟ ኤንዛይም በፈንገስ የሚመረት ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ አራቱ ላስቲኮች መመለስ

ሳምንት ሲሞላ ደርድሯቸው።

«ሀ» እና «ለ» ብዙ አይለያዩም። ብርሃን ያገኘው አልጠገበም፣ ጨለማ የቀመሰውም አልተራበም። ምግቡን ከብርሃን እንደማያገኝ ከዚህ በላይ ቀላል ማስረጃ የለም። ትንሽ ልዩነት ካያችሁ መጀመሪያ የሁለቱን ቦታ ሙቀት ጠርጥሩ።

«ሐ» ወይ ንጹህ ነው ወይ ጥቂት ነው ያለው። ብርድ ኤንዛይሙን አይገድለውም፣ ያዘገየዋል እንጂ። ፔኒሲሊየም ፍሪጅ ውስጥም ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ጊዜ ይገዛል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

«መ» የሁሉም አስተማሪ ነው። ዳቦው ያው ዳቦ ነው፣ ስታርቹ ሞልቷል፣ ሙቀቱም የ«ሀ» ነው። የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ደረጃ 4ን አስታውሱ፦ ኤንዛይሙ ከሃይፋው ወጥቶ ወደ ስታርቹ የሚዋኘው በውሃ ውስጥ ነው፤ ግሉኮሱም ሟሙቶ የሚመለሰው በውሃ ውስጥ ነው። ውሃ ከሌለ ገበታው ሞልቶ እጅ አይደርስም። በአፉ የሚበላ እንስሳ ደረቅ ብስኩት ይበላል፣ ምራቁን ይዞ ይመጣልና። ሻጋታ አይችልም።

ጨውና ስኳር ምግብ የሚያቆዩትም በዚሁ ነው። ውሃው ዓይን ላይ እያለ እነሱ ይዘውት ሻጋታው ሊጠቀምበት አይችልም፤ እንዲያውም ከሃይፋው ውስጥ ያለውንም ይስቡበታል። ማርማላታ ላይ ሻጋታ አይቼ አውቃለሁ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ስኳር የሚቋቋሙ ሻጋታዎች አሉ፣ ማርማላታውም ከላይ እርጥበት ሲያቋጥር ይቀልልላቸዋል።

አሁን ደግሞ የሁልጊዜው ጥያቄ፦ የሻገተውን ቆርጬ ሌላውን ልብላ? ለዳቦ መልሱ አይሆንም ነው። የምታዩት ቀለም ስፖሩ ነው። የሚበላው ክፍል፣ ማለትም ማይሲሊየሙ፣ ቀድሞ በዳቦው ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቷል። ቀለም የሌለው ቦታ ንጹህ ቦታ ማለት አይደለም። ሁሉም ሻጋታ መርዝ አይሠራም፤ የትኛው እንደሚሠራ ግን በዓይን አይለይም። እንደ አፍላቶክሲን ያሉት መርዞች ደግሞ በተለመደው ማብሰል አይጠፉም።

ሌሎቹ ፈንገሶችስ?

መምጠጡ የሁሉም ነው። የሚለያዩት ከማን እንደሚመጥጡ ነው። የዳቦ ሻጋታና የወደቀ ግንድ ላይ የሚበቅሉ ብዙ እንጉዳዮች የሞተ ነገር ይበላሉ። የስንዴ ዋግ በሕይወት ያለ ተክል ሕዋስ ውስጥ ሃውስቶሪየም የሚባል መምጠጫ ሰድዶ ይመጥጣል፤ እሱ ጥገኛ ነው። ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምረው ማዕድንና ውሃ እያቀበሉ ስኳር የሚቀበሉም አሉ፤ ማይኮራይዛ ይባላሉ። አርትሮቦትሪስ የተባለው ደግሞ በክሩ ወጥመድ ሠርቶ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ትሎችን ይይዛል። ከያዘ በኋላ ግን እሱም አፍ የለውም፤ ወደ ትሉ ሰውነት ሃይፋ ሰድዶ እዚያው አሟሙቶ ይመጥጣል። እርሾም ቢሆን ተራውን ስኳር በግድግዳው አካባቢ በኢንቨርቴዝ ለሁለት ቆርጦ ነው የሚያስገባው።

ለተማሪዎች አንዲት ቃል። «የዳቦ ሻጋታ ምግቡን እንዴት ያገኛል?» ተብሎ ከተጠየቀ «ሳፕሮፋይት ነው» ብሎ ማቆም ስም መስጠት ነው። አራቱን እንቅስቃሴዎች በቅደም ተከተል ጻፉ፦ ሃይፋው ወደ ዳቦው ይገባል፤ ኤንዛይም ወደ ውጪ ያመነጫል፤ ስታርቹና ፕሮቲኑ ከሰውነቱ ውጪ ይልማሉ፤ የሟሟው ግሉኮስና አሚኖ አሲድ በሃይፋው ገጽ ይመጠጣል። አራሚ ይህን ካየ ነጥብ መንፈግ ይከብደዋል።

ደረጃ 7፦ ማስወገድ

ላስቲኮቹን ሳትከፍቱ ሌላ ላስቲክ ውስጥ ደርባችሁ፣ አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ። ያስቀመጣችሁበትን ቦታ በሳሙና ወልውሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ከመጣላችሁ በፊት ግን «ሀ»ን ለመጨረሻ ጊዜ አንሡና ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ ጋር አስተያዩት። ቁራሹ ሟሽሾ፣ ጠርዙ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ባዘቶው ተኝቷል። የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ እንደ ጥላሸት የሚመስል ስስ ጥቁር አቧራ አለ። ዳቦው ስፖር ሆኖ ተቀምጧል።